ካቶሊክ የማን ሥጋ ይበላል?

መከራከር የሚወድ ሰው ተከራካሪ ሲያጣ ከግድግዳ ጋር ይጣላል። እኔ ከእነዚያ አንዱ ነኝ። እናቴ እምድብር ሳለን፣ "ይሄ ልጅ ሲወለድ ያለቀሰው እኛን ሊያስረዳ ፈልጎ ነው" ትል ነበር። ስለዚህ አሁን የማወራችሁ ነገር በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ባዝንለትም፣ በእኔ ላይ የደረሰው ግን ሲያንሰኝ ነው።

ካቶሊክ ነኝ። እምድብር ላይ ካቶሊክ መሆን ወሬ አይሆንም፤ ጎረቤትህም፣ የተጣላህ ሰውም፣ ያስታረቃችሁም ካቶሊክ ሊሆን ይችላል። ሒሳብ እንዳስተምር ወሎ፣ መካነ ሰላም ስመደብ ግን እኔው ምእመን፣ እኔው ሰበካ ጉባኤ፣ እኔው መዘምራን ሆኜ ቁጭ አልኩ። በመጀመሪያው ሰሞን ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሃይማኖቴን ጠየቀኝና ነገርኩት።

"ካቶሊክ ማለት ጴንጤ ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው ኦርቶዶክስ ነሃ።"

"እሱንም አይደለሁም።"

ሰውዬው ትንሽ አሰበና በሐዘኔታ አየኝ። "አብሽር፣ ያልፋል" አለኝ።

አጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ ደግሞ ታሪክ ያውቁ ኖሯል። "በጥንት ጊዜ ንጉሡን አሳስተው አገር ያፋጁት እናንተ ናችሁ አይደል?" ሲሉ፣ ያን ጊዜ ገና እንዳልተወለድኩ ለማስረዳት ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ለፋሁ። ሽማግሌው ሙሉ በሙሉ ያመኑኝ አልመሰለኝም።

እውነተኛው ጦርነት ግን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበር። የባዮሎጂ አስተማሪው ዳንኤል ፕሮቴስታንት ነው፤ እሱም እንደኔው ካልተከራከረ ምሳው አይወርድለትም። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ "ለቄስ መናዘዝ የት ተጽፏል?" ይለኛል። በማግሥቱ፣ "ሕፃን ምን አውቆ ይጠመቃል?" በሌላው ቀን ስለ እመቤታችን ያነሳል። እኔም በትርፍ ሰዓቴ ስልኬ ላይ የካቶሊክ መምህራንን ትምህርት እየከፈትኩ የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ መሸምደድ ጀመርኩ። ለአንበሳ የተጣለው የአንጾኪያ ጳጳስ ስለ ቅዱስ ቁርባን ምን እንዳስተማረ፣ የሮም ክርስቲያኖች ከመሬት በታች ባለው መቃብራቸው ግድግዳ ላይ ለሞቱባቸው ሰዎች ጸሎት እንደጻፉ፣ የሰማዕታትን ቀን በመቃብራቸው ተሰብስበው እንደዘከሩ፣ ሁሉንም እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሌ ያዝኩ። ዳንኤል አንድ ጥቅስ ሲያወጣ እኔ ሁለት ሰማዕት አወጣለሁ። አልተሸነፈልኝም፤ ብቻ አንድ ቀን ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም ያንን እንደ ድል ቆጠርኩት።

ከጎናችን ተቀምጣ ደብተር የምታርም የአማርኛ አስተማሪ ነበረች፣ ስመኝ የምትባል። አንድ ቀን ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሰማዕታቱ ራሳቸው እንዳንተ አልደከሙም" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ አብረን መጠጣት ጀመርን። ከክርክሬ ጋር ሳትስማማ ከእኔ ጋር እንዴት እንደተስማማች ዛሬም አይገባኝም፤ ሰው ሲታደል ግን ምክንያት አይጠይቅም። ልንጋባ ቆረጥን።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የስመኝ አባት መሪጌታ ናቸው፤ ከአቀስታ ወጣ ባለች መንደር ዜማ ያስተምራሉ። ስመኝ ደግሞ ቁርጡን ነገረችኝ። "ያለ አባዬ ምርቃት አላገባህም። አንተን ካላገባሁም ሌላ አላገባም። ስለዚህ እሳቸው ፊት አፍህን ሰብሰብ አድርግ፤ ሁለታችንንም እንዳታስቀረን።" እኔን አፍህን ሰብስብ ማለት የአቀስታን ንፋስ አትንፈስ እንደ ማለት ነው። ቢሆንም እሺ አልኳት።

በደንቡ ሽማግሌ መላክ አለበት። ዘመዶቼ ሩቅ ስለሆኑ ቤት ያከራዩኝን ሐጂ ይመርን ለመንኳቸው። ሐጂ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በከተማው ውስጥ እርቅ ያለ እሳቸው አይያዝም። ሁለተኛው የትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ኃላፊ ጋሽ አበጋዝ ናቸው፤ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ዝምተኛ ናቸው፣ ዕቃም ቃልም ያለ ፊርማ አያወጡም። ሦስተኛው ሽማግሌ በቀጠሮው ቀን ስለቀረ የሚኒባሱ ሾፌር ጋቢ ተውሶ ሽማግሌ ሆነ። ሙስሊም ሐጂ ለካቶሊክ ልጅ ከኦርቶዶክስ ቤት ሚስት ሊለምኑ ሲሄዱ ሌላ አገር ቢሆን ጉድ ይባልበት ነበር። እኛ ጋ ግን ሰዎች የጠየቁት ሾፌሩ ለምን ጋቢ እንደለበሰ ብቻ ነው።

ሐጂ ሲመለሱ የሆነውን ነገሩኝ። መሪጌታ በክብር ተቀብለዋቸዋል። "የማን ልጅ ነው?" ብለው ጠየቁ፣ ተነገራቸው። "ሥራውስ?" ተነገራቸው። "ሃይማኖቱስ?" ሲሉ ሐጂ ቀልጠፍ ብለው፣ "ክርስቲያን ነው፣ የናንተው ነው" አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት። ዓመቱን ሙሉ ዝም ያሉት ጋሽ አበጋዝ ግን አፋቸውን ለመክፈት ያችን ሰዓት መረጡ። "ካቶሊክ ነው" አሉ።

"ከዚያስ?" አልኳቸው ሐጂን።

"ከዚያማ ሾፌሩ ሞተር ላሙቅ ብሎ ወጣ።"

"እምቢ አሉ?"

"እምቢም እሺም አላሉም። 'ላኪው ራሱ ይምጣ፣ የምጠይቀው አለኝ' ነው ያሉት። ለረቡዕ ቀጥረውናል። አብሽር፣ ኢንሻአላህ ይሆናል።"

ሽማግሌ የላከ ሰው ሽማግሌዎቹን ተከትሎ ሲሄድ በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ስመኝ ስትሰማ ግንባሯን ያዘች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ከሊቅ ጋር ልከራከር ነው። ድሮ እዚሁ ወሎ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ በንጉሥ ፊት ሃይማኖት የተከራከሩት ሊቃውንት እንኳ የእኔን ያህል የተዘጋጁ አልመሰለኝም።

እስከ ረቡዕ ድረስ ሐጂ ሱቅ ውስጥ ጣቃ ተደግፌ ተለማመድኩ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን እየገፉ ይሰሙኛል። "ጴጥሮስ ወደ ሮም ሄደ፤ እዚያም..." ስል ደንበኛ ይመጣል፣ አቡጀዲ ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ዋጋ ይከራከሩበታል፣ ደንበኛው ሲወጣ እኔ እንደገና ከጴጥሮስ እጀምራለሁ። አንድ ቀን ዋናው ቦታ ላይ ስደናቀፍ ሐጂ ቀና ሳይሉ፣ "ቁልቁል ተሰቅሎ" ብለው አረሙኝ።

ረቡዕ በማለዳ ተነሳን። ጊዜው ጥር ነው፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመት ተዘግቷል፤ ስመኝም ቀድማን ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳለች። መካነ ሰላም ላይ ብርድ ሲመስለኝ የኖረው ነገር ከአቀስታ ጋር ሳስተያየው ሙቀት ኖሯል። ሾፌሩን ከሚኒባሱ ጋር ትተን ዳገቱን ስንይዝ ውርጩ ጫማችን ሥር እየተሰባበረ ይጮሃል። ጥርሴ ስለሚንቀጠቀጥ ልምምዴን መቀጠል አቃተኝ። "እንዲህ ዝም ብትል ኖሮ እኮ እስካሁን ተድረህ ነበር" አሉኝ ጋሽ አበጋዝ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ በላይ እንደማይናገሩ ገምቼ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

መሪጌታ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ አጎዛው ላይ ተቀመጥኩ። የስመኝ እናት እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ብቅ ብለው ትንሽ አዩኝና፣ "ደግ መልክ አለው" ብለው ተመለሱ። ስመኝ ከመጋረጃው ጀርባ እንዳለች በሳሏ አወቅኩ።

"እንግዲህ ልጄ" አሉ መሪጌታ፣ "ካቶሊክ ምን ይላል?"

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ ከቅዱስ ቁርባን ጀመርኩ። ኅብስቱ እውነተኛ የጌታ ሥጋ፣ ወይኑ እውነተኛ ደሙ እንደሆነ ከሐዋርያት ተማሪዎች ጀምሮ ሲታመን እንደኖረ፣ ለአንበሳ የተጣለው ጳጳስም ይህንኑ ሲያስተምር እንደሞተ አስረዳሁ። ስጨርስ በዚያ ብርድ አልቦኛል።

"አዎ" አሉ መሪጌታ።

ጠበቅኩ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ወደ ሕፃናት ጥምቀት ተሻገርኩ። "አዎ፣ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን" አሉ። ወደ ኑዛዜ ሄድኩ። "ታዲያ ከካህን ሌላ ለማን ሊናገር ነው?" አሉ። ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ሳስረዳ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስለ እመቤታችን ክብር ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር ዓይናቸው ላይ የሐሳብ ምልክት አየሁ፤ የተሸነፉ መስሎኝ ልቤ ሞቀ።

"ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ "ከማን ጋር ነው የተጣላኸው?"

"ከዳንኤል ጋር" አልኩ፣ አምልጦኝ።

"ከነቢዩ?"

"ከባዮሎጂ አስተማሪው።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የተሸከምኩት መሣሪያ ሁሉ ለሌላ ጦርነት የተሳለ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ አጥር ስዘል የቆየሁ ሰው ሆንኩ። ከዚያ የመሪጌታ ተራ መጣ።

"ጴጥሮስ ሮም ላይ ስለሞተ የሮሙ ጳጳስ የሁሉ የበላይ ነው ትላላችሁ አሉ።"

"አዎ፣ አባቴ።"

"ጴጥሮስ ከሮም በፊት አንጾኪያ ላይ ተሹሞ ኖሯል። ታዲያ በኩሩ ማን ነው?"

ይህን ዳንኤል ጠይቆኝ አያውቅም። ሐጂ ይመር መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"እሱማ እንዲህ ነው መሪጌታ" አሉ ረጋ ብለው። "አንጾኪያ ላይ መኖሩን የሚክድ የለም። ሰው ግን ወንበሩን የሚያወርሰው በሞተበት ነው። ያ ሰውዬ ሮም ላይ ቁልቁል ተሰቅሎ ነው የሞተው፣ ወላሂ። ከሱ በኋላ ሌላው ተተካ፣ ከዚያም ሌላው፣ ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ።"

መሪጌታ ፊታቸውን ከእኔ ወደ ሐጂ አዞሩ።

"ሐጂ" አሉ መሪጌታ፣ "እርስዎ መቼ ነው ካቶሊክ የሆኑት?"

"አስተግፊሩላህ። ምን ላድርግ፣ ተከራዬ ነው፤ ጆሮ መዝጊያ የለው።"

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል የሚመስል ሳቅ መጣ። መሪጌታም ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ከበድ አለ። "ኬልቄዶንስ?" አሉኝ።

ኬልቄዶን የዛሬ ስንት መቶ ዓመት የተደረገው ጉባኤ ነው፤ በክርስቶስ ባሕርይ ጉዳይ እኛና እነሱ የተለያየነው እዚያ ላይ ነው። ለዳንኤል ግን ጉዳዩ ስላልነበር እኔም አልሸመደድኩትም። ወደ ሐጂ ዞርኩ። ሐጂ ጣሪያውን አዩ። "እሱን ሱቅ ውስጥ አላነሳነውም" አሉ።

መሪጌታ በክርክሩ አልገፉም። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እኔ የምፈራው ክርክሩን አይደለም" አሉ። "ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ነገ አገርህ ይዘሃት ብትሄድ፣ ስትታመም ማን ጸሎት ያደርስላታል? ስትሞትስ ፍትሐት አለ? ወይስ አፈር አልብሶ መሄድ ነው? ጾም የላቸውም፣ ስግደት የላቸውም ሲሉ እሰማለሁ። ልጄ ባዶ ቤት ገብታ እንዳትቀር ነው ጭንቄ።"

ደነገጥኩ። ለካ ሰውዬው ሲከራከሩኝ አልነበረም፤ ሲፈሩ ነው የቆዩት። እኔ ደግሞ ለሚፈራ ሰው የሚሆን ምንም አልተዘጋጀሁም። ዝም ብዬ ያየሁትን ነገርኳቸው፤ እኛ አገር ቅዳሴው በግዕዝ እንደሆነ፣ አጎቴ ሲያርፍ ቄሳችን በግዕዝ እንደፈቱት፣ ሴቶቹ በየዓመቱ ዝክሩን እንደሚያወጡ።

"በግዕዝ?" አሉ ቀና ብለው።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ሰው እባል ነበር። ግን አንዴ ሞቅ ካለኝ መቆሚያዬን አላውቀውም። "ጾምማ እንዴት አይኖርም" ብዬ ቀጠልኩ። "የሐዋርያት ዘመን ክርስቲያኖች ረቡዕና አርብ ይጾሙ ነበር። እኛም የእነሱ ወራሾች ነን። ረቡዕ ቀን የፍስክ ምግብ አፌ አይገባም።"

ይህን ስናገር ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል በአንዱ ረቡዕ በክበቡ የበላሁት እንቁላል ፍርፍር የሰማኝ መሰለኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ሳሉ ቀጥ አለ። የመሪጌታ ፊት ግን በራ። "ይሄንን አላውቅም ነበር" አሉ። "ዛሬም ረቡዕ ነው፤ ስናወራ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል። በሉ ማዕድ ይቅረብ።"

የወሎን ማዕድ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ክርስቲያን ቤት ሙስሊም እንግዳ ሲመጣ ሙስሊም ጎረቤት ተጠርቶ በደንቡ ያርዳል፤ ወጡም በጎረቤቱ ድስት ተሠርቶ ይመጣል። ሙስሊም ቤት ክርስቲያን ሲሄድም እንደዚያው ነው። ማንም ማንንም አያስቸግርም፤ የማን ቢላ እንደሆነ ብቻ ይታወቃል። እናም ለሐጂ ከጎረቤት የተሠራ ዶሮ መጣ። ለመሪጌታና ለጋሽ አበጋዝ ሽሮና ጎመን መጣ። በመጨረሻ እትዬ ዘነቡ አንዲት ሳህን ለብቻዋ ይዘው ወጡና እኔ ፊት አስቀመጧት። በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል ነው።

"አፈር ስሆን ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ" አሉኝ። "ካቶሊክ የማን ሥጋ ነው የሚበላ ብዬ ብጠይቅ የሚያውቅ አጣሁ። የኛ ቢላ ይሁን የነሱ ማን ይንገረኝ? ጾም የላቸውም ስላሉኝ ደሞ ሽሮ አቅርቤልህ ከቤቴ ተርበህ እንዳትወጣ ፈራሁ። ቢላ የማይነካው ምን አለ ብዬ ሳስብ እንቁላል መጣልኝ። ስመኝም ይወዳል ብላኛለች። በዚህ ብርድ ዶሮው ሁሉ መጣል ትቶ፣ ከማለዳ ጀምሬ ከየቤቱ ነው የለቀምኩት።"

ጓዳ ስለነበሩ የእኔን ዲስኩር አልሰሙም። ሁላችንም ሳህኗ ላይ ስናፈጥ ግራ ገባቸው። "ምነው? ምን አጠፋሁ?" አሉ።

"ይጾማል" አሉ ጋሽ አበጋዝ።

የእትዬ ዘነቡ ፊት ዳመነ። በሽማግሌዎች ፊት፣ በባላቸው ፊት፣ ልጃቸውን ሊለምን በመጣ ሰው ፊት፣ ለጾመኛ እንግዳ በረቡዕ ቀን እንቁላል አቀረቡ። "ወይኔ፣ ምን ነካኝ" አሉ ለራሳቸው። ሳህኗን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ስሌቱ አላቃተኝም። ሳህኗን ከመለስኩ ጾመኛ ነኝ፣ ስመኝን አገኛለሁ። ከበላሁ ውሸታም ነኝ፣ ሁለታችንም እንቀራለን። "እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ ዛሬ አልበላም" ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አየሁት። በውርጭ የተሰነጣጠቀ እጅ ነው። ለማያውቁት ሃይማኖት፣ ለማያውቁት ሰው፣ ያን ሁሉ ቤት ያንኳኩበት እጅ ነው።

"ይተዉት እናቴ" አልኩ። በእንጀራው ጠቅልዬ ጎረስኩ።

ሐጂ የዶሮ ብልታቸውን እንደያዙ ቀሩ። ስመኝን በገዛ ጥርሴ እያኘክኋት መሰለኝ፤ ግን አኘክሁ፣ ዋጥኩም።

"ቅድም ምን ነበር ያልከኝ?" አሉ መሪጌታ። "ረቡዕ የፍስክ ምግብ አፌ አይገባም አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ?"

ሰማዕት የለ፣ ጳጳስ የለ፣ ከሸመደድኩት ሁሉ አንድም ነገር አልደረሰልኝም። "ዋሽቼ ነው አባቴ" አልኩ። "ረቡዕ ብዙ ጊዜ እበላለሁ። ዛሬ እንኳ ልጾም አስቤ ነበር። የበላሁት እናቴ እንዳያፍሩ ብዬ ነው።"

መሪጌታ አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ። እትዬ ዘነቡ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

"በግብፅ በረሃ የነበሩት አባቶች" አሉ መሪጌታ ለሐጂ እንደሚያወሩ ሆነው፣ "እንግዳ ሲመጣባቸው ጾማቸውን ትተው አብረው ይበሉ ነበር። ጾሙን ነገ እናገኘዋለን፣ እንግዳው ግን ይሄዳል እያሉ። ይሄ ልጅ የጥንት ክርስቲያን፣ የጥንት ክርስቲያን እያለ ሲያደክመን ዋለ። እኔ ግን የጥንቱን ነገር ያየሁበት አሁን ነው።"

ማንም ምንም ባይናገር ጥሩ ነበር። ሐጂ ግን ነገሩ ሳይቋጭ መተው አይወዱም። "ኬልቄዶንስ ታዲያ እንዴት ሊሆን ነው፣ መሪጌታ?" አሉ። እግራቸውን ልረግጥ ሞከርኩ፣ አልደረስኩም።

"ኬልቄዶንን አልተውኩለትም" አሉ መሪጌታ። "ቁርባኑንና ተክሊሉን የሷ የነፍስ አባትና የሱ ቄስ ተቀምጠው ይምከሩበት፤ እሱ ከኔ በላይ ነው። ክርክሩ ግን የኔ ነው። ዛሬ አልሞግተውም። እንግዳ ነው፤ እንግዳ ላይ መበርታት ነውር ነው።" ከሽሮው ቆርሰው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ቆም አሉ። "አማቼ ሲሆን እንተያያለን።"

ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። እኔ ግን ቀጥሎ ምን መልስ እንደምሰጥ እያሰብኩ ስለነበር የተባለውን የተረዳሁት እትዬ ዘነቡ ጓዳ ገብተው እልልታውን ሲያቀልጡት ነው። ጎንበስ ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ። እንቁላሉ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ሳህኑን ጠርጌ በላሁት።